መምህሩ በክረምትም መምህራችን ነው፦ ለግል ትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ለተሰጠ ምክር የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ከርዕሳነ መምህራን ጓደኞቼ አንድ ጽሑፍ ደረሰኝ። ለአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶችና አስተዳዳሪዎች የተሰጠ ምክር ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩበትም፤ አጻጻፋቸው ግን ሥራውን ከውስጥ የሚያውቁ ሰው እንደሆኑ ይናገራል። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። የኑሮ ውድነቱ ትምህርት ቤቶችን አስጨንቋል፤ ስለዚህ አስተዳዳሪው ወጪውን በሚችለው መንገድ ሁሉ ይቀንስ። መምህራንን ከመስከረም እስከ ሰኔ ብቻ በውል ይቅጠር። ክፍያ ሲጨምር የሒሳብ ዝርዝር ለወላጅ አያሳይ። ደካማ ተማሪዎችን ወደ ፈተና ክፍል ከመድረሳቸው በፊት ያሰናብት። ክፍያ የዘገየበት ልጅ ከክፍል ይውጣ። ለኢንስፔክሽን፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች ለሚመዘኑበት የመንግሥት ቁጥጥር፣ ፋይል የሚያሟላ አንድ ሰው ይመድብ። ሕግና መመሪያውን ደግሞ ለሒሳብ ሠራተኛው ይተው።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልስ እንድጽፍ ያስገደደኝ ብዙ ወጣት ርዕሳነ መምህራን እንደ መመሪያ ይዘውት ማየቴ ነው። እኔ በግል ትምህርት ቤት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በሒሳብ መምህርነት ጀምሬ፣ ዩኒት ሊደር ሆኜ፣ አሁን ርዕሰ መምህር ነኝ። ከእነዚህ ምክሮች ሦስቱን ራሴ ፈጽሜያቸዋለሁ፤ ያስከተሉትንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ጸሐፊው ትክክል ያሉበትን አስቀድሜ ልቀበል። የወጪው ጫና እውነት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወረቀት፣ የቶነርና የኮምፒዩተር ዋጋ ስንት እንደደረሰ ግዥ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙ ወላጅ የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። ትምህርት ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አገልግሎት ነው፤ ወላጅ በክፍያው ላይ 15 በመቶ አይጨመርበትም። ይህ ለወላጅ መልካም ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ዴስክ ሲያሠራ፣ ቀለም ሲገዛ፣ ወረቀት ሲያስጭን 15 በመቶውን ይከፍላል፤ ከወላጅ ሰብስቦ የሚያካክስበት ታክስ ስለሌለው ገንዘቡ እንደ ወጪ እዚያው ይቀራል። የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ከትርፉ 30 በመቶ ግብር አለበት። ኪራዩን ሳልቆጥር ነው። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን፤ የምንለያየው ከዚህ ጭንቀት ለመውጣት በመረጡት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው የአሥር ወር ውል ነው። ጸሐፊው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትምህርት ስለሌለ ደመወዝ መክፈል ብክነት ነው ይላሉ። እኛም አንድ ጊዜ እንደዚሁ አሰብን። ሰኔ መጨረሻ ላይ መምህራኑ ክሊራንስ ጨረሱ፤ መጽሐፉን፣ ቁልፉን፣ ማርክ ሊስቱን አስረከቡ። «በመስከረም እንገናኝ» ተባብለን ተለያየን። ከ20 መምህራን ሰባቱ አልተመለሱም። አንዱ ለሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ እየገባሁ ያሠለጠንኩት፣ ልጆች የሚወዱት የአራተኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነበር። ክረምቱን የቤት ኪራይ ለመክፈል አንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆኖ ገባ፤ ሥራው ቀጠለለት፤ በዚያው ቀረ። ልወቅሰው አልችልም፤ ደመወዙን ያቋረጥነው እኛ ነን።

በእሱ ቦታ የገባችው መምህርት ኅዳር ላይ የተሻለ አግኝታ ሄደች። ሦስተኛው የመጣው ጥር ላይ ነው። በመሐል ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን እኔ ገባሁ። አንዲት ልጅ ደብተሯን ሰጠችኝ። በአንድ የሒሳብ ደብተር ውስጥ የሦስት ሰው እርማት አለ፤ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ክብ ያደርጋል፣ አንዷ በአረንጓዴ ትሰምርበታለች፣ በመካከሉ ደግሞ ማንም ያላረመው ስድስት ገጽ። ክፍልፋይ ሁለት ጊዜ ተጀምሯል፤ አስርዮሽ ጨርሶ አልተነካም። ደብተሩን ስመልስላት ቀና ብላ «ቲቸር፣ እርስዎም ይሄዳሉ?» አለችኝ። ያን ቀን ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ስንት እንዳተረፍን በቁጥር ላሳይ። የአንድ መምህር ደመወዝ ለምሳሌ 12,000 ብር ይሁን። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ከአሠሪው የሚጠበቀው 11 በመቶ 1,320 ብር ሲጨመር 13,320 ይሆናል። 20 መምህራን ለሁለት የክረምት ወራት 532,800 ብር ነው። ብዙ ይመስላል። ትምህርት ቤቱ 400 ተማሪ ቢኖረው ግን በአንድ ተማሪ በዓመት 1,332 ብር፣ ክፍያው በሚሰበሰብባቸው አሥር ወራት ሲካፈል በወር 133 ብር ነው። መምህሩ ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በየስብሰባው ይህን ቁጥር ስናገር «ለዚህማ እንከፍላለን» ያላለኝ ወላጅ አላጋጠመኝም።

ከገንዘቡ ሌላ ሕጉም አለ። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምታል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻልባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሮ ይወስናል። ጸሐፊው ከዝርዝሩ መካከል በየዓመቱ የሚደጋገመውን ወቅታዊ ሥራ ይጠቅሱ ይሆናል። ማስተማር ግን የቡና ለቀማ አይደለም። ሐምሌ ላይ ማርክ ሊስት ይዘጋል፣ ሮስተር ይሠራል፣ ምዝገባ ይካሄዳል፤ ነሐሴ ላይ ዓመታዊ ዕቅድ ይወጣል። ደግሞም መምህሩ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፤ በትምህርት ጊዜ ስለማይወስደው ክረምት ላይ ይወስደዋል። ከሁለቱ ወራት ሦስት ሳምንት ያህሉ ቀድሞውኑ የራሱ ነው ማለት ነው። ብክነት የተባለው የሰው መብት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ሒሳብን ከወላጅ ስለመሸሸግ ነው። ጸሐፊው የትኛውም ነጋዴ ወጪውን ለገዢ አያሳይም ይላሉ። ወላጅ ግን እንደ ሸቀጥ ገዢ ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚረሳን ሰው አይደለም። ልጁን ከኬጂ እስከ 12ኛ ክፍል ቢያስተምር ከአሥራ ሦስት ዓመት በላይ አብሮን ይኖራል። የአዲስ አበባ የትምህርትና ሥልጠና ጥራት ቁጥጥር ባለሥልጣንም ያለ ወላጆች ውይይት ጭማሪ እንዳይደረግ የሚያሳስበው በከንቱ አይደለም። ጭማሪ በመጣ ቁጥር በየአዳራሹ የሚነሳውን ጩኸት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ እንዳየሁት ወላጅ ከብሩ መጠን ይልቅ የሚቆጣው ምክንያቱ ሲደበቅበት ነው።

የመጋቢት 2012ን ጊዜ ላስታውስ። መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ወሰነ። ክፍል ባልተከፈተበት ክፈሉ ማለት ከባድ ነበር። እኛ አንድ ገጽ ላይ ሁሉንም ጻፍን፦ የመምህራን ደመወዝ ይህን ያህል፣ ጡረታ ይህን ያህል፣ ኪራይ ይህን ያህል፣ ጥበቃና ጽዳት ይህን ያህል። ከሥር ደግሞ በባንክ ያለንን። ለእያንዳንዱ ወላጅ ላክነው። ሁሉም አልከፈለም፤ የዕለት ገቢያቸው የተቋረጠ ብዙ ነበሩ፤ እነሱን አልጠየቅንም። አብዛኛው ግን ከፈለ፤ አንዳንዱም የጎረቤቱን ልጅ ጨምሮ ከፈለ። በዚያ ጊዜ አንድም መምህር ሳናሰናብት የወጣነው በዚያች አንድ ገጽ ነው።

ከዚያ ወዲህ ግንቦት ላይ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ ዋና ዋና ወጪዎቻችንን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። በአንዱ ስብሰባ መርካቶ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ወረቀት በችርቻሮ ነው እንዴ የምትገዙት?» አሉኝ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን የአንድ ካርቶን ዋጋ አይተው ነው። በሳምንቱ ከአንድ አስመጪ ጋር አገናኙን። ሰሌዳው ባዶ ቢሆን ኖሮ እኚህ እናት ቁጣቸውን ብቻ ይዘው ይመለሱ ነበር።

ሦስተኛው፣ ደካማ ተማሪን ከሚኒስትሪ ወይም ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊት ማሰናበት። ይህ ምክር ከሁሉም ይልቅ አሳዝኖኛል። ጸሐፊው የትምህርት ቤት ስም የሚሠራው በውጤት ነው ይላሉ፤ ልክ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር የሁላችንም ገመና ወጣ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በእንዲህ ያለ ጊዜ በር ላይ «100% አሳልፈናል» የሚል ባነር የሚሰቅል ትምህርት ቤት ወላጅ ይጎርፍለታል። ጥያቄው ከስንት ልጅ ነው የሚለው ነው። ዘጠነኛ ክፍል 60 ሆነው የጀመሩ 12ኛ ላይ 22 ሆነው ቢፈተኑና 22ቱም ቢያልፉ፣ ስለ 38ቱ ባነሩ የሚለው ነገር የለም።

እኔም አድርጌዋለሁ ብዬ የለ? ከዓመታት በፊት የአንድ ሰባተኛ ክፍል ልጅ አባት ጠርቼ ልጁን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ቢወስዱት እንደሚሻል የሚል ደብዳቤ ሰጠኋቸው። አባትየው የታክሲ ሾፌር ነበሩ። ደብዳቤውን ሳያነቡ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀስ ብለው «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማራችሁት እናንተ ናችሁ፤ ካላወቀ እኔ ማንን ልክሰስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ልጁ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ንባብና ሒሳብ የሚያስጠና መምህር መደብንለት፤ ሌሎች አሥራ አንድ ልጆችም እንዳሉ ያወቅነው ያኔ ነው። ችግሩ ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል የጀመረ ነበር፤ መምህር በየመንፈቁ ይለዋወጥባቸው የነበሩ ክፍሎች። የመጀመሪያውና የሦስተኛው ምክር እንዲህ ይገናኛሉ፤ ክረምት ላይ የቆጠብነው ደመወዝ ከሦስት ዓመት በኋላ ደካማ ተማሪ ሆኖ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ልጁን እንድናባርር ይመክሩናል።

ውጤት የሚያስተዋውቅ ትምህርት ቤት ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ቢጽፍ እመኛለሁ፤ ያስፈተነውን ብቻ ሳይሆን ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ምድብ የመዘገበውንም። ወላጅም ሲመዘግብ ይህን ይጠይቅ።

አራተኛው ስለ ክፍያ መዘግየት ነው። ወላጅ ካልከፈለ ትምህርት ቤቱ እንደሚንገዳገድ አውቃለሁ። ልጅን ከሰልፍ ላይ በስሙ ጠርቶ ማውጣት ግን ዕዳውን አያስከፍልም። ውሉን የፈረመው ወላጅ ነው፤ ልጁ አልፈረመም። ከሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ የመጣችን አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ አስታውሳለሁ። ገንዘብ ያዥዋ ለሌላ ጉዳይ ወደ ክፍላቸው ስትገባ ባየቻት ቁጥር ዴስክ ሥር ትገባ ነበር፤ እርሳስ የምትፈልግ መስላ። እናቷ ክፍያውን አንድም ወር አላዛነፉም። ልጅቷ የተሸከመችው የቀድሞውን ፍርሃት ነው።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ክፍያ በባንክና በቴሌብር ሆነ፤ ልጅ ደረሰኝ ይዞ መመላለሱ ቀረ። የባለ ዕዳ ስም ዝርዝር መምህር እጅ አይገባም፤ እኔና ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ እናየዋለን። ወላጅ ሁለት ወር ሲያልፍበት ራሴ እደውላለሁ፤ ካልቻለ መጥቶ በስንት ጊዜ እንደሚከፍል ተስማምተን እንፈራረማለን። ከፈረሙት ውስጥ የሚጠፋ አለ፤ አልክድም። ከሚጠፋው ግን ልጁን ሳናሳፍር የምናገኘው እጅግ ይበልጣል።

ስለ ኢንስፔክሽኑ ብዙ አልልም። ለዓመታት የሠራንበት ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ከመቶው ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 ይይዛል። ፋይል የሚያሟላ ሰው ቢመደብ ፋይሉ ያምራል፤ ኢንስፔክተሩ ግን ክፍል ገብቶ ይቀመጣል፣ ደብተር ይገልጣል፣ ተማሪ ያነጋግራል። ሦስት ሰው ያረመውን ደብተር የትኛውም ቦክስ ፋይል አይሸፍነውም። ዓመቱን ሙሉ የተሠራ ሌሰን ፕላንና የክፍል ምልከታ ካለ ፋይሉ በራሱ ጊዜ ይሞላል።

የመጨረሻውና ጸሐፊው በሁለት መስመር ያለፉት ሕግና መመሪያን ለሒሳብ ሠራተኛ ተወው የሚለው ነው። ርዕሰ መምህር የሕግ ባለሙያ አይሁን፤ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ስለ ሠራተኞቹና ስለ ተማሪዎቹ የወጣውን ግን ራሱ ያንብብ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር ማሻሻያው ጸድቆ ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ ደረጃዎቹም ተለወጡ። እኛ ጋ ፔሮሉ የሚሠራው በቆየ የኮምፒዩተር ሠንጠረዥ ነበርና አዲሱ ሕግ ሳይገባበት ደመወዝ ተከፈለ። አንዲት የኬጂ መምህርት ወረቀቷን ይዛ መጥታ «ጋሼ፣ የእኔ ለምን አልተለወጠም?» ስትለኝ ነው የነቃሁት። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው። በ12,000 ብር ደመወዝ በድሮው ስሌት ግብሩ 2,700 ነው፤ በአዲሱ 2,250። ልዩነቱ በወር 450 ብር። 7 በመቶ የጡረታ መዋጮዋ 840 ሲቀነስ እጇ መግባት የነበረበት 8,910 ሲሆን የገባው 8,460 ነበር። ለሁሉም መምህራን አስልተን በሚቀጥለው ወር አስተካከልን። ሒሳብ ሠራተኛዋ ጎበዝ ናት፤ ምዝገባውን፣ ባንኩን፣ ግዥውን በአንድ ላይ ጫንንባት እንጂ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። አዲስ ሕግ መውጣቱን ሰምቼ፣ አንብቤ፣ «ይህ እኛን ይነካል» ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። አሁን በየወሩ መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ከእሷና ከምክትሌ ጋር ተቀምጠን ከትምህርት ቢሮ፣ ከባለሥልጣኑና ከገቢዎች የመጣውን ሰርኩላር ሁሉ እናነባለን፤ ለመምህራን የሚመለከተውን ቀንጭበን መምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።

ጸሐፊውን በግል አላውቃቸውም። የጻፉት ትምህርት ቤታቸው እንዳይዘጋባቸው ከመጨነቅ እንደሆነ ይገባኛል፤ ያ ጭንቀት እኔም ሌሊት ይቀሰቅሰኛል። የክረምት ደመወዙን ለተማሪ አካፍለን የምናሰላበትንና ለወላጅ የምንልከውን ባለ አንድ ገጽ ቅጽ ለሚፈልግ ርዕሰ መምህር ሁሉ እሰጣለሁ። ግንቦት ላይ የወላጆች ስብሰባችን አለ። ጸሐፊው መጥተው ከኋላ ወንበር ቢቀመጡ፣ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን አይተው እንደ መርካቶዋ እናት ተነስተው ቢጠይቁኝ ደስ ይለኛል።